የቲሹ ካልቸር ብክለት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቲሹ ካልቸር ማለትም ከተክል የተቆረጠ ክፍልን ከጀርም ነጻ በሆነ ጠርሙስ ማባዛት ላይ ነን፤ ጠርሙሶቻችን ግን ይበከላሉ። ምንጩን በምን እንለይ?

መልስ፦ ብክለቱ የት እንደጀመረ እዩ። ተክል ባልገባበት ሚዲያ (ተክሉ የሚያድግበት ምግብ) ላይም ከወጣ ችግሩ ማምከኑ ወይም ማፍሰሱ ላይ ነው። አዲስ ሚዲያ ከመጠቀማችሁ በፊት ሦስት አራት ቀን አቆይታችሁ የምታዩት ለዚህ ነው። ከተክሉ ራቅ ብሎ ነጠላ የሻጋታ ክብ ከታየ በብዛት በአየር የገባ ነው። ከተክሉ ግርጌ ወተት የመሰለ ደመና ከተነሳ ግን ባክቴሪያው ከተክሉ ጋር ነው የመጣው። ሻጋታው ከክዳኑ ጀምሮ ዱካ እየሠራ የሚሄድ ከሆነ ማይት (በጣም ጥቃቅን ተባይ) ገብቶባችኋል፤ መደርደሪያውን በሙሉ ፈትሹ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምንሠራው። አውቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነውን መሣሪያ) በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ20 ደቂቃ እናቆያለን፤ ሚዲያው ግን አሁንም ይበከላል።

መልስ፦ 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው ባሕር ወለል ላይ ነው። ጌጁ (የግፊት ማሳያው) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ 2,400 ሜትር ላይ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ 15 ላይ ሙቀቱ 117 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። 121 ለመድረስ 19 ገደማ ያስፈልጋል። መሣሪያው ለዚያ ግፊት ካልተሠራ ፈጽሞ አታስጨንቁት፤ ሚዲያውን በትንንሽ ጠርሙስ ከፍላችሁ ጊዜውን ወደ 50 ደቂቃ አርዝሙት። ከሁሉም በፊት ግን ቫልቩን ሳትዘጉ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ 5 ደቂቃ ይውጣ። ውስጥ የቀረ አየር ጌጁን ከፍ አድርጎ ሙቀቱን ዝቅ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ለሙዝ ችግኝ በረኪና በምን መጠን?

መልስ፦ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ከአራት እጅ ውሃ ጋር፣ በ100 ሚሊ ሊትር ሁለት ጠብታ ትዊን 20 (ፈሳሹ ተክሉን በደንብ እንዲያረጥብ የሚረዳ) ጨምራችሁ፣ 20 ደቂቃ። ከዚያ በፊት በሳሙና ታጥቦ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አንድ ደቂቃ ይቆይ። በመጨረሻ በመከነ ውሃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅና የነጣውን ጠርዝ መቁረጥ ነው። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ኃይሉ ያልቃል፤ የተበጠበጠውንም ለነገ አታስቀምጡ።

ጥያቄ፦ መቆንጠጫውን አልኮል ውስጥ መንከር አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የባሲለስ ባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘሩ) አልኮል ውስጥ አይሞትም። እሳት ወይም 250 ዲግሪ የሚደርስ የዶቃ ማምከኛ (መቆንጠጫው የሚከተትበት የጋለ የመስታወት ዶቃ) ያስፈልጋል። አልኮሉን ከእሳቱ አርቁ።

ጥያቄ፦ ወራት ንጹሕ ሆኖ የከረመ ሙዝ ባክቴሪያ አወጣ። አንቲባዮቲክ እንጨምር?

መልስ፦ ባክቴሪያው መጀመሪያውኑ ሥጋው ውስጥ ተደብቆ ነበር። ሴፎታክሲም በሊትር 250 ሚሊ ግራም፣ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ተጣርቶ፣ ሚዲያው ከ50 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ ግን ያፍነዋል እንጂ አይገድለውም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። ምትክ ለማይገኝለት ዝርያ ካልሆነ ማስወገዱ ይሻላል። ይልቅ ከእያንዳንዱ እናት ተክል ግርጌ ቆርጣችሁ ኑትሪየንት አጋር (ባክቴሪያ የሚያሳድግ ምግብ) ላይ በ28 ዲግሪ ሁለት ሳምንት አቆዩ፤ ምንም ያላወጣውን ብቻ አባዙ። እንሰት ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ጤናማ በሚመስል ችግኝ ውስጥም ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ግርጌው ጠቁሮ ሚዲያው ቡናማ ሆነ። ብክለት ነው?

መልስ፦ ደመናና ሽታ ከሌለው ፌኖል (ተክሉ ሲቆረጥ የሚያወጣው ንጥረ ነገር) ነው። ቶሎ ወደ አዲስ ሚዲያ አዛውሩት።

ጥያቄ፦ የሻገተውን ጠርሙስ እንዴት እናጽዳ?

መልስ፦ ሳትከፍቱ አውቶክሌቭ አድርጉት፤ ከዚያ ብቻ እጠቡ።