ሁለት ኦርቢታል በአንድ ኢነርጂ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሁከል ዘዴ (የሞለኪውል ፓይ ኤሌክትሮኖችን ኢነርጂና ኦርቢታል፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የሚሰራጩበትን ሁኔታ፣ በቀላሉ ማስያ መንገድ) ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ቤንዚን ላይ ናቸው። ቤንዚን ስል ስድስት ካርቦን ያለውን ቀለበት ነው፣ የመኪናውን ነዳጅ አይደለም። አልፋ ኤሌክትሮኑ በአንድ ካርቦን ላይ ብቻ ሲሆን ያለው ኢነርጂ ነው፤ ቤታ ደግሞ የሁለት ጎረቤት ካርቦኖችን ትስስር የሚወክል ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኢነርጂዎቹን በሙሉ አግኝቻለሁ። አልፋ ሲደመር ቤታ ላይ ስደርስ ግን እኩልታዎቹ አልፈታ አሉኝ። የት ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ የትም አልተሳሳትክም። ያ ኢነርጂ ሁለት ጊዜ የሚመጣ ነው። ኢነርጂው ነጠላ ሲሆን አንድ ኮፊሸንት (የአንድ ካርቦን ድርሻ በኦርቢታሉ ውስጥ) ብቻ ነጻ ይቀራል፤ እሱንም ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም የካሬዎቹን ድምር 1 ማድረግ፣ ይጨርሰዋል። እዚህ ነጻ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ስለዚህ መምረጥ ያንተ ፋንታ ነው።

በዚህ ኢነርጂ የእያንዳንዱ ካርቦን ኮፊሸንት የሁለቱ ጎረቤቶቹ ድምር ነው። 1ኛውን ሀ፣ 2ኛውን ለ በለው። 3ኛው ለ−ሀ፣ 4ኛው −ሀ፣ 5ኛው −ለ፣ 6ኛው ሀ−ለ ይሆናል። አሁን ሀን 0፣ ለን 1 አድርግ፦ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ −1፣ −1። የካሬዎቹ ድምር 4 ስለሆነ ሁሉንም ለ2 አካፍል። አንዱ አለቀ።

ጥያቄ፦ ለሁለተኛውስ ሀን 1፣ ለን 0 ባደርግ?

መልስ፦ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። 1፣ 0፣ −1፣ −1፣ 0፣ 1 ታገኛለህ፤ ኢነርጂውም ልክ ነው። ግን ከመጀመሪያው ጋር ቦታ በቦታ አባዝተህ ደምረው፤ −2 ይመጣል። ኦርቶጎናል እንዲሆኑ 0 መምጣት አለበት። ስለዚህ አትገምት፣ አስላ። ሀ እና ለን ሳትተካ ከመጀመሪያው ጋር ብታባዛ 4ለ−2ሀ ይወጣል። ይህ 0 የሚሆነው ሀ የለ እጥፍ ሲሆን ነው። መልሱ 2፣ 1፣ −1፣ −2፣ −1፣ 1 ነው፤ ለ12 ስኩዌር ሩት ይካፈላል።

ጥያቄ፦ አልፋ ሲቀነስ ቤታ ላይ ያሉትን እንደ አዲስ ልሥራ?

መልስ፦ አያስፈልግም። የ2ኛውን፣ የ4ኛውንና የ6ኛውን ካርቦን ምልክት ብቻ ገልብጪ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ፍጹም ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኩል ኢነርጂ ያላቸውን ሁለት ኦርቢታሎች በፈለግሽው መጠን ብትቀላቅያቸው ኢነርጂው ንቅንቅ አይልም። የኔን ሁለቱን በየራሳቸው ቁጥር አባዝተሽ በመደመር የኮምፒውተሩን ኦርቢታል መጻፍ ከቻልሽ አትጨነቂ። የኤሌክትሮን መጠኑንም አስሊ፤ በየኦርቢታሉ ሁለት ኤሌክትሮን ስላለ የኮፊሸንቱን ካሬ በ2 አባዢ። በኔዎቹ 1ኛው ካርቦን ላይ ከታችኛው ኦርቢታል (ስድስቱም ኮፊሸንቶች እኩል ከሆኑበት) 1/3፣ አልፋ ሲደመር ቤታ ላይ ካሉት ጥንዶች 0 እና 2/3፤ ድምሩ 1። 2ኛው ላይ 1/3፣ 1/2 እና 1/6፤ እሱም 1። በኮምፒውተሩ ቁጥሮችም በየካርቦኑ ያው 1 መውጣት አለበት።