ቁስን በብርሃን መቆጣጠር፦ ገንዘቡ የት አለ? ፕሮፖዛሉስ በምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ኳንተም ቁሶችን (ልዩ ጠባያቸው ከኤሌክትሮኖቻቸው መስተጋብር የሚመነጭ ቁሶችን) በሌዘር ስለመቆጣጠር የማጠናውን የዶክትሬት ሥራዬን በስድስት ወር ውስጥ እጨርሳለሁ። በራሴ ስም በሚመጣ የምርምር ገንዘብ መቀጠል እፈልጋለሁ። የት ላመልክት? ገምጋሚዎችስ ምን ይፈልጋሉ?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚያ ነውና። የዚህ መስክ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ያዩት ለውጥ በእርግጥ የብርሃኑ ሥራ ነው ወይስ ናሙናው ሞቆ ነው የሚለውን ነው። 15 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለው የሌዘር ምት አንድን የመዳብ ኦክሳይድ ቁስ ለአጭር ጊዜ የሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያስተላልፍ ቁስ) ጠባይ እንዲያሳይ እንዳደረገው በ2011 ከታተመ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ መነሻ የጥልቀት ልዩነት ነው፦ ለውጡን የሚፈጥረው ቀስቃሽ ምት ከላዩ ንጣፍ ብዙም ሳያልፍ ይዋጣል፤ ለውጡን የሚለካው መርማሪ ጨረር ግን ጠልቆ ያልተቀሰቀሰውንም ክፍል አብሮ ይለካል። ስለዚህ የሚወጣው ቁጥር በመረጡት የስሌት ሞዴል ይወሰናል።

ፕሮፖዛልዎ ይህን የሚለይ ሙከራ በግልጽ ይያዝ። በሰከንድ የሚተኮሱትን ምቶች ቁጥር ሲቀንሱ ምልክቱ ከጠፋ፣ የተጠራቀመ ሙቀት ነው ብለው ይጠርጥሩ። የሞገድ ርዝመቱን ከአተሞቹ ንዝረት ሲያርቁት ምልክቱ ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ‹‹ንዝረቱን መርጬ ቀሰቀስኩ›› የሚለው ሐሳብ ይፈርሳል። ከወፍራም ክሪስታል ይልቅ ቀጭን ፊልም መጠቀም የጥልቀቱን ችግር ያቃልላል፤ የፊልሙ ጥራት ግን ከክሪስታሉ ሊያንስ ስለሚችል ሁለቱንም ማቀድ ይሻላል።

በጀት ላይ ሌዘሩን ማንም አይረሳም። የሚረሳው ናሙናውን የሚያቀዘቅዘው ሂሊየም፣ የሌዘሩ ጥገና፣ እንዲሁም የቴራኸርትዝ ጨረሩ (በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለው) የሚያልፍበትን ሳጥን የሚሞላው ደረቅ ናይትሮጅን ነው (የአየር እርጥበት ጨረሩን ይውጠዋል)። ክሪስታሉን የሚያሳድግልዎ ተባባሪ ደብዳቤ ካልጻፈልዎ የቀረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አሁን ለእርስዎ የሚስማማው የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪዩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ነው። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ የዶክትሬት ጽሑፍዎን ተከላክለው ማለፍ አለብዎት። ከቀነ ገደቡ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የኖሩበት ወይም የሠሩበት አገርም በድጋፉ የሚሄዱበት ተቀባይ አገር ሊሆን አይችልም፤ ዶክትሬትዎን የሚሠሩበት አገር አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይወጣል። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት የጀማሪ ድጋፍ ለአምስት ዓመት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከአማካሪዎ ውጭ የሠሩት ነገር ሳይኖር አይቸኩሉ፤ ዝቅተኛ ውጤት የሚቀጥለውን ዙር ሊያስከለክል ይችላል።

ጀርመን ያለው የዩሮፒያን ኤክስፌልና ስዊዘርላንድ ያለው የስዊስፌል ግዙፍ የኤክስሬይ ሌዘሮች ገንዘብ ባይሰጡም፣ ውጤቱ የሚታተም ከሆነ የመለኪያ ጊዜ በውድድር በነጻ ይሰጣሉ። ያገኙት የመለኪያ ጊዜ ማመልከቻዎን ያጠናክረዋል።

በቤተ ሙከራው ለሚቀበልዎ ፕሮፌሰር የመጀመሪያውን ኢሜይል ሲጽፉ፣ ሌዘሩ በሳምንት ስንት ሰዓት የእርስዎ እንደሚሆን ይጠይቁ። መልሱ ‹‹እናያለን›› ከሆነ ሌላ ቤተ ሙከራ ይፈልጉ።