የፀሐይ ዕድሜና የጌታ መምጫ ቀን

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ፣ በ2021 ዓ.ም. ከሰማይ ትልቅ ድንጋይ ወርዶ ምድርን ያጠፋታል የሚል ቪዲዮ በስልኩ አይቶ «ታዲያ ለምን እማራለሁ?» ይለኛል። የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ ምድር ገና ቢሊዮን ዓመታት ይቀራታል ብሏቸዋል። እንዲህ ከሆነ የጌታ መምጣት ሩቅ ነው ማለት ነው? ይህን መስማትስ ኃጢአት ይሆንብናል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ጋር ይሁን። ፍጥረትን መመርመር ፈጣሪን መካድ አይደለምና መስማቱ ኃጢአት አይሆንም፤ ነገር ግን ቪዲዮውንና የመምህሩን ትምህርት በአንድ ሚዛን አያስቀምጧቸው።

ድንጋዩ አፖፊስ ይባላል። በ1996 ዓ.ም. ከተገኘ ከወራት በኋላ ምድርን የመምታት ዕድሉ 2.7 በመቶ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ግን ሊቃውንቱ በራዳር ተከታትለው ቢያንስ ለ100 ዓመት እንደማያሰጋ አረጋግጠዋል። ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። (በባሕረ ሐሳብ ሳሰላው ዕለቱ የፋሲካ ሳምንት ዓርብ ሆኖ አገኘሁት።)

መምህሩ የተናገረው ስለ ፀሐይ ነው። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጠረች ስትሆን፣ በውስጧ ያለው ሃይድሮጂን ሲያልቅ፣ ይኸውም ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ፣ አብጣና ቀልታ በአቅራቢያዋ ያሉትን ፕላኔቶች ትውጣለች፤ ምድርን ጨምራ ትውጣት እንደሆነ ሊቃውንቱም ይከራከራሉ። ሙቀቷ እየጨመረ ስለሚሄድ ግን ባሕሮች የሚደርቁት ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ ከዛሬ 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ እንደሚሆን ይገምታሉ።

ይህ ስሌት የኩራዝ ጋዝን እንደ መለካት ነው። የቀረውን ጋዝ ያየ ሰው ኩራዙ እስከ ስንት ሰዓት ሊያበራ እንደሚችል ይናገራል፤ ባለቤቱ መቼ እፍ ብሎ እንደሚያጠፋው ግን ከጋዙ አያውቅም። ቅዱስ ጴጥሮስ የጌታ ቀን እንደ ሌባ ይመጣል፣ ሰማያትም በታላቅ ድምፅ ያልፋሉ ሲል የተናገረው ስለ ባለቤቱ ነው። አንዳንድ ሰባክያን ይህን ቃል ከፀሐይ ማበጥ ጋር ሲያገጣጥሙ እሰማለሁ፤ እኔ አልወደውም። ነገ ስሌቱ ቢታረም ሐዋርያውንም አብረን ልናርመው ነውን?

ቀን መቁጠሩ የእኛም ሕመም ነው። እዚህ ደሴ ቡና ላይ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ሲባል ይሰማል። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ስለምንቆጥር ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የሚነግሩን ከ500 ዓመት በላይ የቆየ ወሬ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንኳ የቂያማን ሰዓት ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም ይላሉ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ በደብረ ዘይት የሚነበበው ማቴዎስ 24ም «ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት» ማንም እንደማያውቅ ነግሮን ሲያበቃ የሚያዝዘን መትጋትን ነው። ሩቅ ነው ብለን ንስሓን አናዘገይም፤ ቀርቧል ብለንም ሥራ አንፈታም።

ለልጅዎ የተሰሎንቄን ሰዎች ይንገሩት። የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ አናውጧቸው፣ ከመካከላቸውም ሥራ ፈት ሆነው የሚዞሩ ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ግን ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ ጻፈላቸው። ለተማሪ ሥራው ደብተሩ ነው። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሣው ከሆነ ወደ ንስሓ አባታችሁ ይውሰዱት፤ ቪዲዮውንም አብረው አይተው የላከው ማን እንደሆነ ይጠይቁት። አፖፊስ በሚያልፍበት ምሽት ከአፍሪካ በዓይን ሊታይ ይችላልና፣ የቦርከና ሰማይ ደመና ካልጋረደው ያን ጊዜ ልጅዎን ይዘው ደጅ ወጥተው ይመልከቱት።