የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ ለምርመራ ደም ይሰጣል

እህቴ፣ የብረት ቫልቭ ያላቸው እናትሽ ትኩሳቱ እየተመላለሰ አስቸግሯቸው ክሊኒኩ አንቲባዮቲክ አዘዘላቸው፤ ይዋጡት ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የብረት ቫልቭ አለኝ፣ ቫልቩ ላይ የሚነሳውን ኢንፌክሽንም አይቼዋለሁ። ስለዚህ ስሚኝ።

1. ክኒኑን ትተሽ ዛሬውኑ የልብ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰጃቸው። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር (ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ ለሚለየው ምርመራ) ደም ይወሰድ፤ ከተለያየ ቦታ፣ ሦስት ጊዜ። በጣም ከደከሙም ደሙ ወዲያው ተወስዶ መድኃኒቱ ይጀመራል።

እኔን ያየኝ ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ጉንፋን ነው» አለኝ። ቫልቭ አለኝ ስለው «ሐኪሙ አንተ ነህ እኔ?» ብሎ አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። ትኩሳቱ ጠፋ። ክኒኑ ሲያልቅ ግን አንቀጥቅጦኝ ተመለሰ። ሆስፒታል ደሜ ሲመረመር ምንም አልበቀለም። ክኒኑ ባክቴሪያውን ደበቀው እንጂ አልገደለውም! ማንነቱ ካልታወቀ ደግሞ የሚታከመው በግምት ነው። መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ተደረበብኝ። ከነሱ አንዱ ጄንታማይሲን ነው፤ ኩላሊትና ጆሮ ይነካል፤ ሚዛን የሚጠብቀውን የጆሮ ክፍል ጭምር። ዛሬም ጨለማ ውስጥ ስራመድ ግድግዳ ይዤ ነው። የዚያ ሰውዬ ስጦታ ብዬዋለሁ።

2. በደረት የሚታየው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) «ንጹህ ነው» ቢባል አትርኪ። ብረቱ ጥላ ይጥላል። በጉሮሮ የሚገባውን ጠይቂ። የኔ በደረት ምንም አላሳየም፤ በጉሮሮ ሲታይ ቫልቩ ላይ የተንጠለጠለች ነገር ስትወዛወዝ ስክሪኑ ላይ አየኋት። ቱቦውን መዋጥ ያስጠላል፣ ግን ያልፋል።

3. ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በደም ሥር፣ ቢያንስ 6 ሳምንት ነው፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም። ሪፋምፒሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከተጨመረ ሽንታቸው ብርቱካንማ ሲሆን አትደንግጪ። የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ግን ያዳክመዋል፤ ሪፋምፒሲኑ ሲቆም ደግሞ አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው ቁጥር) ወደ ላይ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ ይለካ። እኔ ደብተር ይዤ ስለምመዘግብ ነርሶቹ ቁጥሩን የሚጠይቁት እኔን ነበር!

ኢሲጂውም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) በየጊዜው ይነሳ፤ ቫልቩ ሥር መግል ከቋጠረ የልብ ምቱ መስመር ሊዛባ ይችላል። ያኔ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ነገሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊሄድ ስለሚችል ሰርጂኑ ከጅምሩ ይወቃቸው። አፋቸው ከተጣመመ ወይ እጃቸው ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃ አትጠብቂ።

ከክሊኒኩ ክኒን አንድም ውጠው ከሆነ አትደብቂ። ማሸጊያውን ከቫልቩ ካርድ ጋር ይዘሽ ሂጂ፣ የጀመሩበትንም ሰዓት ንገሪያቸው።