መልስ፦ የናፍጣ ሃይብሪድ ፔጆ 3008 ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድሜ፣ ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ ያየኸው የ2013 ፔጆ 3008 ሃይብሪድ4 ዋጋው ረከሰ፣ ምን ጉድ አለው ብለሃል። መኪናው ክፉ አይደለም። ፊት 163 የፈረስ ጉልበት ያለው 2.0 ናፍጣ ሞተር፣ ኋላ 37 ፈረስ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ በመሃላቸው የሚያገናኝ ዘንግ የለም።

ዋናው ጥያቄ የት ትነዳዋለህ ነው። ሥራህ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ተወው። የጭስ ማጣሪያው ጥላሸቱን አቃጥሎ የሚያጸዳው በደንብ ሲሞቅ ነው፣ ይሄ መኪና ደግሞ መብራት ላይና ትራፊክ ውስጥ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚያጠፋ ማጣሪያው ሳይሞቅ ይውልና ይደፈናል። አውቶስትራዳ የምታዘወትር ከሆነ ግን ግዛው።

ማርሹ አውቶማቲክ ይባላል እንጂ ማንዋል ካምቢዮ ነው፣ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥልህ ኮምፒውተር ነው። ሲቀይር ትንሽ ጎተት ይላል፣ አትደንግጥ። ከቆመበት ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ ግን ፍሪሲዮኑ አልቆ ሊሆን ይችላልና የመቀየሪያውን ዋጋ ቀንስልኝ በል።

ባትሪው ከኋላ ከሻንጣው ወለል ሥር ነው። ማቀዝቀዣው በአቧራ እንዳይደፈን አስጠርግ፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ግን ያልሰለጠነ መካኒክ እንዳይነካቸው። የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ቀበቶ) በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያልቃል፣ መቀየሩን በደረሰኝ አረጋግጥ።

ሃይብሪድ ስለሆነ በካይ መኪኖች ላይ የሚጣል የከተማ እገዳ አይነካኝም እንዳትል፣ በክሪትኤር (የፈረንሳይ የመኪና ብክለት ደረጃ ተለጣፊ) 2 ነው፣ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ናፍጣ። ልታየው ስትሄድ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ችግር ሊደብቅ ይችላልና ሌላ ቀን እመጣለሁ በለው።