የሞግዚቷ ደመወዝ፦ ግብሩ ሳይሆን አከፋፈሉ ያሳስባል

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም የምኖር እህል ነጋዴ ነኝ። ልጄን የምትይዝልኝ የ20 ዓመት ሞግዚት በወር 2,500 ብር ቀጥሬ አብራኝ ትኖራለች። ደመወዟን ያመጣት አጎቷ በየሦስት ወሩ እየመጣ ይወስዳል። በገበያ ቀን መደብርም ታግዘኛለች። ወንድሜ ‹ግብር ካልቆረጥሽ ትቀጪያለሽ› አለኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ የግብሩን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለቤት ሠራተኛ የሚከፈልን ደመወዝ ከግብር ነፃ አድርጎታል። ልጅ ለመያዝና ለቤት ሥራ ከሚከፍሉት 2,500 ብር ላይ ግብር ብለው የሚቆርጡት ነገር የለም።

እኔን ያሳሰበኝ አጎትየው ነው። ልጅቱ 20 ዓመቷ ነው፤ ደመወዙ የእሷ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1741 ክፍያ የሚፈጸመው ለባለገንዘቡ፣ ወይም እሱ፣ ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ሥልጣን ለሰጠው ሰው ነው ይላል። አጎቷ ስላመጣት ብቻ ውክልና አለው ማለት አይደለም። ነገ ልጅቱ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርባ «አንድ ብር አልደረሰኝም» ብትል፣ መክፈልዎን የማስረዳቱ ሸክም በቁጥር 2001 መሠረት የእርስዎ ነው። «አጎቷ ወስዷል» የሚለው መልስ እንደገና ከመክፈል ላያድንዎት ይችላል። ከሕጉም በላይ፣ ቀን ከሌሊት ልጅ አዝላ የምትውል ልጅ የላቧን ዋጋ በእጇ ሳታይ መቅረቷ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ ለራሷ ይክፈሉ። በስሟ የባንክ ሒሳብ ያስከፍቱላት፤ ካልሆነ አንድ ደብተር ገዝተው «የጥቅምት ወር 2,500 ብር ተቀብያለሁ» ብላ ትፈርም፤ መጻፍ ካልቻለች ግን በባንክ ቢሆን ይሻላል። ለአጎቷ መላክ ከፈለገች ከተቀበለች በኋላ ራሷ ትላክ። ያለፈውን ደግሞ አጎቷ በሌለበት ይጠይቋት። ደርሶኛል ካለች ትፈርም። አልደረሰኝም ካለች ግን ለእሷ ይክፈሉና ከአጎትየው ጋር እርስዎ ይተሳሰቡ።

ወደ መደብሩ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም፤ የሞግዚት ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታየው ለዚህ ነው። ጤፍ እየሰፈረች ከደንበኛ ገንዘብ ስትቀበል ግን ሥራው ለትርፍ ነው። በእኔ እምነት የገበያ ቀኑ ሥራ መደበኛ ከሆነ «የቤት ሠራተኛ ናት» የሚለው ክርክር አያዋጣዎትም። መደብሩ ላይ በ3,500 ብር ቢቀጥሯት፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ 2,000 ብሩ ነፃ ሆኖ በቀሪው 1,500 ብር ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 225 ብር ግብር ይቆረጣል። ለጡረታ ከእሷ 7 በመቶ (245 ብር) ይቀነሳል፤ እርስዎ ከኪስዎ 11 በመቶ (385 ብር) ይጨምራሉ። እጇ የሚገባው 3,030 ብር ነው። የሥራ ሰዓቷም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም።

የእኔ ምክር መደብሩን ለሌላ ሰው እንዲተዉት ነው። ሁለቱንም ትሥራ ካሉ ግን የቤቱንና የመደብሩን ክፍያ ለይተው በጽሑፍ ይዋዋሉ።

ቤት ውስጥም ግዴታ አለብዎት። አብራዎት ስለምትኖር የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2601 ስለ መኝታዋ፣ ምግቧ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ክብሯን የሚጠብቅ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያዛል። ሕፃኑ ሌሊት ሲያስነሳት ካደረ፣ ቀን የምትተኛበት ሰዓት ይስጧት።