ቅልጥም ሲያም ሩጫው ይቀጥል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እውላለሁ። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ብዬ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በየማለዳው መስቀል አደባባይ እሮጣለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ትንፋሼ ይቆራረጣል፤ ሰሞኑን ደግሞ ሁለቱም ቅልጥሞቼ በውስጥ በኩል ያሙኛል። ጓደኞቼ «ቻለው፣ ሲለምድ ይተውሃል» ይሉኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ በዚህ አያያዝ አይቀጥሉ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይበረታሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ከወንበር ተነስቶ በየቀኑ መሮጥ አጥንቱን መጠገኛ ጊዜ ይነሳዋል።

መጀመሪያ ሕመሙን ይለዩ። ከቁርጭምጭሚት ጀምረው የቅልጥሙን የውስጥ ጠርዝ በአውራ ጣት እየተጫኑ ወደ ላይ ይውጡ። ሕመሙ አራት ጣት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተዘርግቶ ከተሰማዎትና ሰውነትዎ ሲሞቅ የሚለዝብ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአቅም በላይ የመሮጥ ጉዳት ነው። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም በአንድ እግር መዝለል የሚከለክል ከሆነ ግን ሩጫውን አቁመው ይመርመሩ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ ሯጭ መሆንዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ሲራመዱ ሕመሙ እስኪጠፋ ድረስ ሩጫ የለም። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለሉ፦ አምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቀጥሎ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ዙር። በማግስቱ ቅልጥምዎ ዝም ካለ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት በሁለት፣ ስድስት ዙር ያድርጉት። ካመመዎት ወደ ቀድሞው ይመለሱ። በአደባባዩ ደረጃዎች ላይ መሮጥ ለጊዜው ይቅር፤ ጠፍጣፋ መሬት ይሻላል።

ትንፋሽዎ የሚቆራረጠው ፍጥነቱ ስለበዛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ብትሆንም፣ ኗሪዋ ስለሆኑ ሰውነትዎ ከፍታውን ለምዶታል። ሶምሶማ ላይ ሆነው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ቀስ ይበሉ፤ እግረኛ ቢቀድምዎም አያፍሩ።

ባትዎንም ያጠንክሩ፤ ማሳሳብ ብቻውን አይበቃም። የእግርዎን ፊት ደረጃ ጠርዝ ላይ አድርገው፣ ጉልበት ሳያጥፉ በሁለት ሰከንድ ይነሱ፣ በሦስት ሰከንድ ተረከዝዎን ያውርዱ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ብዙ ሰው እየነጠረ ይሠራዋል፤ ያኔ ጡንቻው ሥራውን አይሠራም። ጫማዎ ሳልባጅ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሶሉ አልቋል።

ለ10 ኪሎ ሜትሩ ቢያንስ 12 ሳምንት ይያዙ። ካልደረሰልዎት ግማሹን በእርምጃ ይጨርሱት፤ ታላቁ ሩጫ ላይ የሚራመደው ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ጿሚ ነኝ፤ እስከ 9 ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ክብደት የማነሳው መቼ ይሁን?

መልስ፦ በልተው ሁለት ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ ወደ ማታ። ከመግደፍዎ በፊት ቀላል እርምጃ ይበቃል። ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ከሆኑ ከ72 ግራም አይነስ። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ስላለው ሽሮውን ወፈር፣ ምስሩን በዛ ያድርጉት። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።